ስለ አማኑኤል ሆስፒታል ታሪክ፦ ለሐዋሳ ተማሪዎች የሚለጠፈውን ጽሑፍ አብረን እናርመው

ታቦር_ሥር (ክር ከፋች) ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሐዋሳ ለአእምሮ ጤና ነርሲንግ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚለጠፍ የታሪክ ጽሑፍ እየተሰናዳ ነው። ስለ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ስድስት ሰሌዳ፣ እያንዳንዱ ከ120 ቃል ያልበለጠ። አንድ ስህተት ከገባ ተማሪው ለዓመታት ሲያነበው ይኖራል፤ ስለዚህ ከመታተሙ በፊት የሚያውቁ ሰዎች ይዩት ብለን ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳ ረቂቅ ይኸውና፦

«አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ተመሠረተ። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና መጨረሻ ጣቢያ ሆኖ ቆየ። በ1987 የአእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይኪያትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ተከፈተ።»

ሦስት ነገር ላይ እንድትረዱን እንፈልጋለን። ዓመቶቹ ልክ ናቸው ወይ? ስለ መድኃኒትና ስለ መርፌ ምን መግባት አለበት? ከደቡብ የሚሄደው ታማሚ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ይገኛል? ሦስተኛው ካልተመለሰ ጽሑፉ ለሐዋሳ ተማሪ የሌላ ከተማ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

መዝገብ_ቤት ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

ዓመቶቹ ለየብቻቸው ልክ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ያሳስታሉ። 1930 የኛ አቆጣጠር ነው። 1987 እና 2003 የፈረንጅ ናቸው። ምልክት ሳይደረግባቸው አንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀላቅለዋል።

ጉዳቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። 1930ን እንደ ፈረንጅ የሚያነብ ሰው ሆስፒታሉ ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ስድስት ዓመት በፊት የተሠራ ይመስለዋል። ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ሆስፒታሉ በዚያ በወረራው አምስት ዓመት ውስጥ የተመሠረተ ነው። 1987ን ደግሞ እንደኛ አቆጣጠር የሚያነብ ተማሪ የነርሶቹ ሥልጠና ከደርግ ውድቀት በኋላ የተጀመረ ይመስለዋል። በኛ 1979 ነው፤ ገና በደርግ ዘመን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ። የ2003ቱ ጥር ላይ ስለተጀመረ በኛ ጥር 1995 ነው።

ለተማሪዎቹ መለወጫውንም አንድ ጥግ ላይ ጻፉላቸው፦ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ታኅሣሥ ማለቂያ ድረስ ያለው ቀን ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከፈረንጅ ጥር 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ይቀነሳል። ወሩ ያልታወቀ ዓመት ሲያጋጥም ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ የፈረንጅ 2012ን «2004/05» ብሎ። አንዱን በግምት መርጦ መጻፍ በኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል።

ስለ ስሙ አንድ መስመር ጨምሩ። አማኑኤል የተባለው በአካባቢው ባለው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰፈሩም መርካቶ አጠገብ አማኑኤል ይባላል። የሕመም ስም አይደለም። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው «አማኑኤል ይግባ» የሚለውን ስድብ የሰማ ሁሉ ነው። ታማሚውን ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ ስም የሚጠራውን ሁሉ ያሸማቅቃል።

የተመላላሽ_ክፍል ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

መዝገብ ቤት የጻፉት ላይ አንድ ዓመት ልጨምር፤ ለነርስ ተማሪ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። ክሎርፕሮማዚን፣ በድሮው ስሙ ላርጋክቲል፣ ለአእምሮ ሕመም ፓሪስ ላይ መሰጠት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ 1944። ሆስፒታሉ ከመጀመሪያው የሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ሕመም) መድኃኒት በ14 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የትኛውም አገር፣ ሀብታሙም ድሃውም፣ ከማስተኛ መድኃኒት፣ ከተዘጋ በርና ከጠባቂ ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ፌኖባርቢታል ነበረ (ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ነው)፤ እሱም የሚያስተኛና የሚጥል በሽታን የሚይዝ እንጂ ቅዠትን የሚያጠፋ አይደለም። ተማሪው ይህን ካልተረዳ የድሮውን ዋርድ ሲያይ ሰዎቹን በጭካኔ ይፈርድባቸዋል።

ሁለተኛው ሰሌዳ ስለ 1979ኙ ሥልጠና ይሁን። አንድ ዓመት የሚወስድ ነበር። የሚገቡት አስቀድመው ነርስ የሆኑ ናቸው። ሲጨርሱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። ለምን ሁለት? አንድ ነርስ ብቻውን ከሆነ ፈቃድ ሲወጣ፣ ሲታመም፣ ሲዘዋወር ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ሲዘጋ ደግሞ የወር መርፌው ያልፋል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ኪኒኑ ያልቅበታል፤ በሁለት ወር ውስጥ የተሻለው ሁሉ ተመልሶ ይታመማል። በኋላም ክፍሎች የተዳከሙት በአብዛኛው በዚህ ነው፤ አንደኛው ነርስ ወደ ሌላ ሥራ ይሳባል፣ ሌላኛው ብቻውን ይቀራል።

እንዲህ ያለ ክፍል ለመጀመር የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ድምፅ ወደ ውጭ የማያወጣ አንድ ክፍል፣ ነርሱ ከበሩ በኩል የሚቀመጥበት ጠረጴዛ (ታማሚው በነርሱና በበሩ መካከል አይቀመጥም፤ ነርሱም የታማሚውን መውጫ አይዘጋም፣ ስለዚህ ጠረጴዛው በጎን ነው የሚደረገው)፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን፣ የቀጠሮ መዝገብ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሚዛን። ሚዛኑን ብዙዎች ይረሱታል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ፣ የፌኖባርቢታልና የካርባማዜፒን፣ መጠን ለልጅ በኪሎ ነው የሚሰላው።

ታቦር_ሥር ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እግዜር ይስጥልኝ። የጠረጴዛው ነገር በሥዕል ይገባል። አራተኛው ሰሌዳ ላይ የወር መርፌው ብልቃጥና ስሪንጅ ተሥለዋል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ግን ገና ባዶ ነው። የመድኃኒት ባለሙያ ካለ ይርዳን።

ፋርማሲ_መስኮት ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

የወር መርፌ የሚባለው ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ነው፤ ታማሚም አስታማሚም ሞዲኬት በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ዓለም ላይ የወጣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 25 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ፤ የሟሟው በውኃ አይደለም፣ በሰሊጥ ዘይት ነው። ምስጢሩ ዘይቱ ላይ ነው። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን በቀስታ ስለሚለቅ ኪኒን በየቀኑ የሚውጠውን ሰው በየ2 እስከ 4 ሳምንት አንዴ ወደሚመጣ ሰው ይለውጠዋል። ለአማኑኤል ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በየጊዜው ኪኒን የሚወስድ የለም፣ መርፌውን ግን በቅርቡ ካለ ሆስፒታል በወር አንዴ ይወጋል።

አሰጣጡ ላይ ስህተት የሚበዛባቸውን ልንገራችሁ፤ ሥዕሉም በዚህ ይታረም።

መርፌውና ስሪንጁ ደረቅ መሆን አለባቸው። በተቀቀለ መሣሪያ ዘመን የውኃ ጠብታ ይቀርና ዘይቱን ያደፈርሰው ነበር። ዛሬም ስሪንጁን በውኃ ወይም በአልኮል የሚያለቀልቅ ካለ ያው ነው። የደፈረሰ ከሆነ አይወጋም።

መርፌው ቁጥር 21 ወይም ከዚያ የሚወፍር ይሁን። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው እንደሚቀጥን ተማሪ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። በ23 ዘይት መሳብ እልህ ያስጨርሳል፤ ሲወጉም ይደፈናል፣ ሲጫኑት ከስሪንጁ ይነቀልና መድኃኒቱ ይፈሳል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደገባ ማንም አያውቅም።

ቦታው የመቀመጫው የላይኛው የውጭ ሩብ ነው፣ በጥልቀት። ቆዳውን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ መውጋት፣ መርፌው ሲወጣ ቆዳውን መልቀቅ፤ መንገዱ ስለሚዘጋ ዘይቱ ተመልሶ አይወጣም። ከተወጋ በኋላ አይታሽም። ቀኝና ግራ እየተቀያየረ ካልተሰጠ እብጠት ይቋጥራል፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ «ቀ» ወይም «ግ» ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው።

ለጀማሪ በ12.5 ሚሊ ግራም ነው የሚጀመረው፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ሲመጣ ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ አይሰጥም።

አሁን ከሁሉ የባሰው። መድኃኒቱ በተጀመረ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንዱ ሰው አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ ይወጣል። ወጣት ወንዶች ላይ ይብሳል። ቤተሰብ ሲያየው «ዛሩ ተቆጣ» ወይም «መርዝ ወጉት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወደ ሆስፒታል አይመለስም። ፕሮሜታዚን በመርፌ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢሰጥ ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል (አርቴን) 2 ወይም 5 ሚሊ ግራም ቢውጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ከመወጋቱ በፊት አስታማሚውን ቁጭ አድርጎ «አንገቱ ቢጠመዘዝ በሽታው አይደለም፣ የመድኃኒቱ ነው፣ ማታም ቢሆን አምጡት» ማለት የመርፌው አካል ነው። ሳይነገር የተወጋ መርፌ ግማሽ ሥራ ነው።

የተመላላሽ_ክፍል ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ፋርማሲ መስኮት፣ ስለ ፌኖባርቢታል ደግሞ ይጻፉልን። የአእምሮ ነርስ ክፍሎች መዝገብ ሲታይ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከታካሚዎቹ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ግን ስማቸው አይነሳም።

ፋርማሲ_መስኮት ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እውነት ነው። ለአዋቂ በቀን 60 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እንደ ሁኔታው እስከ 180 ይደርሳል። ርካሽ ነው፣ ማታ አንዴ ይበቃል። አደጋው በድንገት ማቆም ነው። ክምችት አልቆ ታማሚው ባዶ እጁን ሲመለስ በቀናት ውስጥ ሳያባራ ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ የሁለት ወር ሲቀር ነው የሚጠየቀው፤ ባዶ ሣጥን እስኪታይ አይጠበቅም። ማቆም ካስፈለገም በሳምንታት እየቀነሱ ነው።

ሊቲየምን፣ የባይፖላርን (የስሜት መዋዠቅ ሕመም) መድኃኒት፣ አትርሱ። በ1949 እ.ኤ.አ. የተገኘ ጥሩ መድኃኒት ሆኖ ሳለ በክፍለ ሀገር ያልተስፋፋው ስለማይሠራ አይደለም። በደም ውስጥ ያለውን መጠን መለካት ይጠይቃል፤ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊ ኢኩቫለንት በሊትር ነው የሚፈለገው፣ ከ1.5 በላይ መርዝ ይሆናል። ተቅማጥ ወይም ብዙ ላብ ብቻ ወደዚያ ሊያደርሰው ይችላል። ላብራቶሪ በሌለበት መጀመር የለበትም።

ፍቅር_ሐይቅ_ዳር ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

የታቦር ሥር ሦስተኛ ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ ከደቡብ የሚሄደው ታማሚ። ስለ ጉዞው ልጻፍ፤ ሰው ሳይደርስ የሚጎዳው እዚያ ነው።

ከሐዋሳ ከመነሳቱ በፊት መጀመሪያ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይህ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ የሌላ በሽታ ቅዠት? ሐዋሳና ዙሪያዋ ወባ አለ። ትናንት ደህና የነበረ፣ ዛሬ ትኩሳት ኖሮት የሚቀባጥር፣ ቀንና ቦታ የጠፋበት ሰው ወደ አዲስ አበባ አይጫንም። የወባ ምርመራ፣ የደም ስኳር፣ የአንገት ድርቀት (ማጅራት ገትር) ይታያል። የጭንቅላት ወባ የያዘውን ሰው አስሮ የአምስትና ስድስት ሰዓት መንገድ ማስጓዝ እሱን መግደል ነው። ትኩሳት የሌለው፣ ቀኑንና ቦታውን የሚያውቅ፣ ግን ድምፅ የሚሰማና የሚጠራጠር ከሆነ የአእምሮው መንገድ ነው።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ለበለጠ ሕክምና» ብቻ ከሆነ ተቀባዩ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። መጻፍ ያለበት፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ጥሎት ያውቃል ወይ፣ ራሱን መትቶ ያውቃል ወይ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓቱ። ሰዓቱ ካልተጻፈ እዚያ የሚረከበው ነርስ ሌላ ይደርባል።

ክሎርፕሮማዚን በመርፌ ተሰጥቶት ወዲያው ቀጥ ብሎ መኪና ላይ የሚቀመጥ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተኛ፣ ግፊቱ ይለካ፣ ከዚያ ይነሳ። አስታማሚ ሁለት ይሁን፣ አንዱ የሚያምነው ሰው። በሹፌሩ አጠገብ አይቀመጥም። እግሩና እጁ በገመድ ታስሮ የመጣ ሰው ገመዱ የነካው ቦታ ቆስሎ፣ ጣቱ ጠቁሮ መድረሱ በዚህ አገር የአእምሮ ሕክምና ውስጥ የቆየ ቁስል ነው፤ ግድ ሆኖ ከታሰረ ሰፊ ጨርቅ ይሁን፣ በየ15 ደቂቃው ጣቱ ይታይ።

ታቦር_ሥር ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

ይህ ራሱን የቻለ ሰሌዳ ነው። አንድ ጥያቄ፦ በድሮ ሰነድ ውስጥ ስንት የሐዋሳ ሰው አማኑኤል እንደታከመ መቁጠር ይቻላል?

መዝገብ_ቤት ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

በአሮጌ መዝገብ ውስጥ «ሐዋሳ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ ብዙ አታገኙም። «አዋሳ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ ከዚያ በፊት የሐዋሳ ታማሚ ብሎ ነገር የለም። የመጡበት ቦታ በሚለው ዓምድ ሥር «ሲዳሞ» ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ዋና ከተማው ቀድሞ ይርጋለም ስለነበረ «ይርጋለም» የሚለውም የይርጋለም ሰው ብቻ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር እያለ ይሄዳል። ከአዳማ የሚፈልግም ሰው «ናዝሬት፣ ሸዋ» ብሎ ነው የሚፈልገው።

ቆጠራ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ካርዱ የጠፋበት ታማሚ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ አንዱ ሰው ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ስም ከአባትና ከአያት ስም፣ ዕድሜና የመጣበት አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው አንድ ሰው ነው የሚባለው። ዕድሜ ደግሞ በግምት ስለሚጻፍ እስከ አምስት ዓመት ልዩነት ይፈቀድ። ሁለተኛው፣ ሰዎች ቶሎ ለመታየት የአዲስ አበባ ዘመዳቸውን አድራሻ ይሰጣሉ፤ የሐዋሳው ሰው «አዲስ ከተማ» ተብሎ ይመዘገባል። ሦስተኛው፣ ጽሕፈቱ፦ «ሐ»፣ «ሀ» እና «ኀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» ስለሚቀያየሩ በኮምፒውተር ሲፈለግ አንድ ስም በአራት ዓይነት መሞከር አለበት።

ለግድግዳ ጽሑፍ ግን የማንንም ስም አታውጡ። ገጹን ፎቶ የምታነሱም ከሆነ የስሙን ዓምድ በነጭ ወረቀት ሸፍናችሁ አንሡ፤ በኋላ በኮምፒውተር እናደበዝዘዋለን ማለት አይሆንም፣ ዋናው ፎቶ ስልክ ውስጥ ይቀራልና። ሰውየው ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ሐዋሳ ውስጥ አሉ።

ችሎት_ጥግ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሕጉ ሳይገባ እንዳይቀር። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 341 መሠረት አንድ ሰው በአእምሮ ሁኔታው ምክንያት ሆስፒታል ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ቤት ተኝቶ እስካለ ድረስ ሕመሙ በአደባባይ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ማለት በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈረመው ውል በእሱ፣ በወኪሉ ወይም በወራሾቹ ጥያቄ ሊፈርስ ይችላል። አማኑኤል ተኝቶ ሳለ ቤት ወይም ከብት «ሸጠ» የሚባል ሰው ጉዳይ የሚታየው በዚህ ነው፤ የመግቢያና የመውጫ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። ነርሱ ቀን ሲጽፍ ይህን ይወቅ።

ቀጣዩ አንቀጽ 342 ለገጠር ነው፦ ከ2000 ሰው በታች ባለበት ቦታ ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቀውና እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው ሰው እንደዚሁ ይቆጠራል። ሕጉ ሲወጣ የአገሪቱ አብዛኛው ታማሚ ሆስፒታል እንደማይደርስ፣ ቤቱ ታስሮ እንደሚውል ያወቀ ይመስላል። ከዚህ ውጭ ንብረት ለማስተዳደር ፍርድ ቤት ክልከላ መስጠት አለበት (ከአንቀጽ 351 ጀምሮ)፤ የሐኪም ወረቀት ብቻውን የማንንም መብት አይነፍግም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በወንጀል በኩል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 እና 49 በሕመም ምክንያት ኃላፊነት የሚቀርበትንና የሚቀንስበትን ይደነግጋሉ፤ ጥርጣሬ ሲኖር በ51 መሠረት ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ያስቀርባል። በፖሊስ ታጅበው ወደ አማኑኤል የሚላኩት ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ደብር_አጥቢያ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

የጸበልን ነገር ማንም አላነሳም። ተማሪዎቹ ሲመረቁ የሚያገኙት ታማሚ ከሆስፒታል በፊት ጸበል የሄደ ነው፤ ታሪኩን ያለ ጸበል መጻፍ ግማሹን መተው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮበርት ጊል የተባለው ሆላንዳዊ ሳይኪያትሪስትና ባልደረቦቹ ጊዮን፣ ማለትም ወሊሶ፣ ሄደው የጸበሉን ፈውስ አጥንተው ጽፈዋል። የዚያን ዘመን ሐኪሞችም ነገሩን ንቀው አላለፉም።

የሚጠቅመው አሠራር ይህ ነው። ጸበል የሚጠመቀውን ሰው «ወይ እሱን ወይ ይሄን» አትበሉት፤ ያለ ጥርጥር እናንተን ይተዋል። ጠዋት ባዶ ሆድ ስለሚፈለግ መድኃኒቱን ወደ ማታ አዛውሩት፤ ፌኖባርቢታልና አብዛኛው የሳይኮሲስ ኪኒን ማታ ይሆናል። የወር መርፌ የሚወስደው በጾም ቀን ቢወጋ ችግር የለውም፣ ይህን በግልጽ ንገሩት። ቀጠሮው በሱባኤ ውስጥ እንዳይውል ቀኑን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። አንድ ነገር ላይ ግን አትላሉ፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ብቻውን አይገባም፣ በቀዝቃዛ ሌሊትም መድኃኒቱን ትቶ አይጠመቅም።

የተመላላሽ_ክፍል ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ደብር አጥቢያ ያሉት ላይ ፊርማዬን አኖራለሁ። የቡታጅራውን ጥናት አብራችሁ አስገቡ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ግድም በፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የተሠራ ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ፤ በዕድሜያቸው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዛቸው ከ1000 ሰው 4.7 ሆኑ። ቤት ለቤት መጠየቅ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ቤተሰብ ይደብቃል፣ ታማሚውም መንገድ ላይ ይሆናል። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቀው በቃለ መጠይቁ ያመለጡትን አገኟቸው። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር፤ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ ሩቅ ሳትሆን። በሐዋሳ ዙሪያ ቆጠራ የሚያስብ ሁሉ ይህንን ዘዴ ይያዝ።

ስለ ሐኪሞቹ ደግሞ በጥር 1995 ትምህርቱ ሲከፈት በአገሪቱ የነበሩት ሳይኪያትሪስቶች 11 ነበሩ፣ ሁሉም ውጭ የተማሩ። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከአገር ውስጥ መምህራን ጋር ያስተምሩ ነበር። ሠልጣኙ አገሩ ሆኖ፣ ዋርዱ አማኑኤል ሆኖ መማሩ ነው ቁም ነገሩ፤ ውጭ የሚሄደው ብዙ ጊዜ አይመለስምና።

ገፈርሳንም አትርሱ፤ በአምቦ መንገድ ያለው ማገገሚያ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆዩ፣ ተቀባይ ያጡ ታማሚዎች የሚሄዱበት። ዋርድ የሚሞላው በአዲስ ታማሚ ብቻ አይደለም፤ ተሽሎት መሄጃ የሌለው ሰው አልጋ ይዞ ይቀራል። አስታማሚው የሰጠው አድራሻ የተሳሳተ ከሆነ ወይም ስልኩ ከተቀየረ ማስወጣት አይቻልም። ስለዚህ ሲገባ የሁለት ሰው አድራሻ፣ የቀበሌና የእድር ስም ጭምር ይያዝ፤ እድር ሰው አያጣም።

ታቦር_ሥር ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ረቂቁ ተስተካክሏል። የመጀመሪያው ሰሌዳ እንዲህ ሆነ፦

«አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው ከአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ነው። የመጀመሪያው የሳይኮሲስ መድኃኒት በዓለም ላይ የታየው ከዚያ 14 ዓመት በኋላ ነው። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ነርሶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በየክፍለ ሀገሩ ተመደቡ። በጥር 1995 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይኪያትሪ ስፔሻሊቲ ተከፈተ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ።»

ሦስተኛው ሰሌዳ ጉዞው፣ አራተኛው መርፌው፣ አምስተኛው ሕጉና መዝገቡ፣ ስድስተኛው ጸበልና ቡታጅራ። የሥዕሉ ፎቶ ተያይዟል። የቀረ ካለ ነገ ከሰዓት በፊት ንገሩን፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ነገ ነው።

ፋርማሲ_መስኮት ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለት እርማት። ስሪንጁ ላይ ያለው መርፌ አጭርና ቀጭን ነው፣ የኢንሱሊን ይመስላል፤ ረጅምና ወፍራም አድርጉት፣ አጠገቡም «ቁጥር 21» ብላችሁ ጻፉ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ሞዲኬት ሰማያዊ አይደለም፣ ጥሩ የሰሊጥ ዘይት ይመስላል፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። ተማሪው ሌላ ቀለም ወይም ድፍርስ ካየ እንዲያስቀምጠው እንፈልጋለን፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚያየው ቀለም ትክክለኛው ይሁን።

መዝገብ_ቤት ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

«በጥር 1995» የሚለው ላይ ዓ.ም. ይጨመር። ሌሎቹ ሁሉ አላቸው።